የዳኛው ግራ ጆሮ

«ያዘዝኩትን ትቶ ያስፈልግሃል ያለውን የሚሠራልኝ ባለሙያ ገጥሞኝ አያውቅም» የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው በሕይወቱ ልብስ አሰፍቶ፣ በር አስገጥሞ አያውቅም፤ ፀጉሩንም የሚቆርጠው ራሱ መሆን አለበት። ሌሎቻችን እናውቃቸዋለን። ሁለት መደርደሪያ አዘን ስንሄድ ሦስት ተሠርቶ ይጠብቀናል። «አጠር ይበልልኝ» ያልነው ሱሪ ጫማችንን ሸፍኖ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊው ቁርጭምጭሚታችንን አይቶ አዝኖልን ነው። እንቆጣለን፣ እንከፍላለን፣ በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሳናስበው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንወጣለን።

የዚህ ወገን አንጋፋ፣ የበላይ ጠባቂና የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ክቡር አቶ ነገ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ሰፈሩ ረስቶታል። ደንበኛ ለቅሬታ አፉን በከፈተ ቁጥር «ነገ ታመሰግነኛለህ» ስለሚሉ ስማቸው ነገ ሆኖ ቀረ። «እሺ» የምትለዋን አጭር ቃል ግን ከአፋቸው ሰማሁ የምትል በሰፈሩ አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እሷንም የሚያምናት የለም።

አቶ ነገ አርባ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፉ ኖረዋል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ዋንጫ ላይ የተጠመጠመ እባብ እንዲስሉለት ጠየቃቸው። እሳቸው ትኩሳቱ የለቀቀው ሕፃን እናቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሳሉለት። «እባብ አይቶ ማን ይገባል?» አሉት። ሰውየው ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ በሁለተኛው ሳምንት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በሩ ላይ ተሰለፉ። ፀጉር አስተካካዩ የፊልም ተዋናይ የመሰለ ጎረምሳ ፈልጎ ነበር፤ ሰሌዳው ሲመጣ ራሱን ከነቦርጩ አገኘው። «ሰው ጭንቅላቱን ለማን እንደሚሰጥ አይቶ ይግባ» ነበር መልሳቸው።

ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል ማለት አይደለም። የሬሳ ሣጥን ሻጩ የፈለገው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ፣ ይኸው ነበር። የተረከበው ግን ጥርሱን ገልጦ ፈገግ ያለ ሰውዬ ነው። «ነገ ታመሰግነኛለህ» ተባለ። ሻጩ ያቺን ነገ እስካሁን እየጠበቃት ነው።

ሌላም አመል ነበራቸው። በእያንዳንዱ ሥራቸው ግርጌ የገዛ ስልክ ቁጥራቸውን በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ አንዳንዴም ከባለ ሱቁ ስም ይበልጣል። «ስልክ የሌለው ሥዕል ዲዳ ነው» ይላሉ። ለምኖ ያስተዋቸው የለም።

በማሽን የሚታተም ባነር መጥቶ የሰሌዳውን ሥራ ባቀዘቀዘው ጊዜ አንድ ትልቅ ፎቅ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ሰጣቸው። «ውሻ ማስገባት ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ በክብ ውስጥ ውሻ ይሳል፤ በላዩ ቀይ መስመር ይሰመርበት። አቶ ነገ ጻፉም፣ ሳሉም፣ አሰመሩም። ነገር ግን የሳሉት ውሻ ዓይን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ነዋሪዎቹ ሲወጡ ሲገቡ «ደህና አደርክ» ይሉት ጀመር። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ጭራሽ ስልክ ደውላ፣ «ያንን ውሻ ቀይ መስመሩን ትተው ይሳሉልኝ» አለቻቸው። አቶ ነገ የውሻ ሠዓሊ የሆኑት እንዲህ ነው።

ሰሌዳ ሲጽፉ በዘይት ቀለም ነበር፤ ለውሻው ሥራ ግን በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለም መረጡ። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። በነዚያ ቀናት ደንበኛ ይመጣል፣ ሚስቱን ይዞ ይመጣል፣ አማቱን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ጣቱን ይቀስራል። አክሪሊክ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ደንበኛው «ይሄ ነገር…» ብሎ ሳይጨርስ አቶ ነገ በጣታቸው ጫፍ ሸራውን ነካ ያደርጉና «ደርቋል» ይላሉ። የደረቀ አክሪሊክ ላይ ሌላ ቀለም መደረብ እንደሚቻል፣ እንዲያውም ቀለሙ የሚወደደው ለዚያ እንደሆነ፣ ለማንም ትንፍሽ አይሉም።

እንግዲህ በእኚህ ሰው እጅ ነው ሲስተር የወደቀችው።

ሲስተር ነርስ ናት፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጀምሮ እስከ አትክልት ሻጩ ሁሉም ሲስተር ይላታል። እናቷ ከቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሆስፒታሉ ይቀርባል ተብሎ ወንድሟ ቤት ገቡ፤ ቤቱም ያ ውሻ የተከለከለበት ፎቅ አራተኛው ላይ ነው። አጥንቱ ገጠመ። ሐኪሙ «አሁን ይራመዱ» አለ። እናቷ ግን ከአልጋው ንቅንቅ አልል አሉ።

«የት ልሄድ?» ይላሉ። «ግድግዳ ልጎበኝ?»

እግራቸውን የሚያለማምዳቸው ፊዚዮቴራፒስት እየመጣ ይለምናቸዋል፤ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ባለ አራት እግሩ መራመጃ ፎጣ ማስጫ ሆነ። ሲስተር በየቀኑ ሥራ ቦታዋ የምታየው ነገር ነው፤ የተኛች አሮጊት ሳምንት ጨምራ፣ ሌላ ሳምንት ጨምራ፣ በመጨረሻ እግሯ መሬት የሚባል ነገር ይረሳል። ሐኪሙም አልደበቃትም፤ በዚህ ወር ካልተነሱ አይነሱም ብሏታል። ሲስተር ሌሎች እናቶችን ስታስነሳ ውላ የራሷን እናት ማስነሳት አቃታት፤ አውቶቡስ ውስጥ ያለቀሰችበት ቀን ነበር።

እናቷ የሚጠይቁት ስለ አንድ ፍጡር ብቻ ነው፤ ስለ ዳኛው። ዳኛው ዘጠኝ ዓመት ከእግራቸው ሥር ያልጠፋ ቡናማ ውሻ ነው፤ ፎቁ ውሻ ስለማያስገባ ከሲስተር ጋር የድሮው ቤት ቀርቷል። ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ግራ ጆሮው ዓይኑ ላይ ወድቆ፣ ነገሩን የሚመዝን ይመስላልና ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው። «በወንበር ተሸክመን በአሳንሰሩ እናውርድሽና እዪው» ቢባሉ፣ «እንደ ቁም ሣጥን?» ብለው ተቆጡ። ሲስተር በስልኳ ፎቶ አንስታ ብታሳያቸው ስልኩን ቀረብ ራቅ አድርገው አዩና፣ «ይቺ ውሻ ናት ቁንጫ?» አሏት።

ልክ በቁመቱ ተስሎ ከአልጋው ፊት ለፊት ቢሰቀል መንፈሳቸው ይነቃ ይሆናል ስትል አሰበች። ፎቁ በር ላይ ካለው የክልከላ ሰሌዳ ግርጌ ቁጥሩን ወስዳ ደወለች።

የአቶ ነገ ሥራ ቤት አንድ ክፍል ናት። ቀለም የሚበጠብጡባቸው የቆርቆሮ ክዳኖች፣ ቀለሙ እንዳይደርቅባቸው ፍስስ የሚያደርጉበት የውሃ መርጫ፣ ሳይታጠቡ ውለው እንደ እንጨት የደረቁ ብሩሾች አሉባት። ሲስተር ዳኛውን በማሰሪያው ይዛ ገባች፤ ትእዛዟንም ሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥበት አኳኋን ሰጠች።

«ጋሼ፣ ከአልጋ አልነሳ ላለችው እናቴ ነው፤ ተኝቶ ይሁን። ግራ ጆሮው እንዲህ ወድቆ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ተቀምጦ ነው የሚያምርበት» አሉ አቶ ነገ።

ይህን ሲከራከሩ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው። አንድ እጇ የውሻውን ማሰሪያ ስለያዘ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያ ሊያራምደኝ የሚመጣው ሰውዬ እጁ በረዶ ነው፤ ሁለተኛ እንዳይነካኝ» የሚለው የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አባብላ ዘግታ ስትዞር አቶ ነገ ብሩሻቸውን እንደያዙ ውሻው ላይ ፈጥጠዋል።

«ጆሮው ተነሳ» አሉ።

«የትኛው?»

«ግራው። ቀጥ ብሎ ተነሳ።»

ሲስተር ዳኛውን አየችው። ጆሮው እንደ ወትሮው ዓይኑ ላይ ተኝቷል። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ይሄ ጆሮ አይነሳም።»

«አሁን ተነሳ አልኩሽ።»

«ወድቆ ይሳልልኝ።»

«ነገ ታመሰግኚኛለሽ፣ ሲስተር።»

ማክሰኞ ልታይ ስትሄድ ሸራው ላይ ዳኛው ተቀምጧል፤ ጆሮው ቆሟል። «ደርቋል» አሉ ሳትጠይቃቸው። በዚህ ጊዜ ሲስተር ሌሎች ደንበኞች ያላደረጉትን አደረገች፤ ከቆርቆሮ ክዳኑ ላይ ቡናማ ቀለም በጣቷ ነክታ በደረቀው ጆሮ ላይ ለቀለቀችው። ቀለሙ ያዘ። አቶ ነገ ምስጢራቸው እንደወጣ አይተው እያጉረመረሙ ጆሮውን ዝቅ አደረጉት። ስለ መቀመጡ ግን ሲስተርም ደክሟት ተወችው።

ሐሙስ ስትመለስ ከውሻው መዳፍ ሥር ስልክ ቁጥር በቀይ ተጽፏል፤ ከመዳፉ ይተልቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሱቅ ነው እንዴ? ውሻ እኮ ነው።»

«አይቶ ማን ሠራው የሚል ሰው ቢኖርስ?»

«እናቴ መኝታ ቤት ውስጥ ማን ይመጣል? ያጥፉልኝ።»

አቶ ነገ ተከፉ። ፊታቸውን ጥለው ቁጥሩን በቡናማ ሸፈኑት። ቀጥለው ካሏቸው ብሩሾች ሁሉ ቀጭኗን አነሱና በታችኛው ጥግ፣ በቡናማው ላይ በጠቆረ ቡናማ፣ ጉንዳን ጉንዳን የምታክል ቁጥር አንድ በአንድ ደረደሩ።

«ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል?» አለች ሲስተር።

«የፈለገ ተጠግቶ ያነባል» አሏት። ቅዳሜ መጥታ እንድትወስድ ነግረዋት ጀርባቸውን ሰጧት።

ቅዳሜ ሥዕሉ በአንሶላ ተጠቅልሎ ጠበቃት። ሳትፈታው ይዛው ሄደች። ወንድሟ መዶሻውን ይዞ ቆሟል፣ እናቷ ትራስ ተደግፈው መነጽራቸውን አድርገዋል። አንሶላው ሲገለጥ ሲስተር ደሟ ፈላ። ጆሮው ተነስቷል። ሰውየው እሷ ዞር ስትል መልሰው አንስተውታል፤ አሁን ደግሞ ከማክሰኞውም ይልቅ ቀጥ ብሏል።

እናቷ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የማን ውሻ ነው?» አሉ።

«ዳኛው ነው፣ እማዬ።»

«ዳኛው? ይሄ እኮ ሌባ የሰማ ውሻ ነው። የኔ ዳኛው ጆሮው ይኼ ነው?» ድምፃቸው ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮው ድምፅ ሆነ። «ማነው የሣለው? ደውዪና ስጪኝ።»

«ሁለተኛ አልደውልለትም። ሐሙስ ዕለት ምያለሁ። ቁጥሩንም ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።»

«እኔ አልማልኩም። ቁጥሩን አምጪ።»

«ቁጥሩ ሥዕሉ ላይ አለልሽ» አለች ሲስተር በንዴት፣ ሾርባውን ልታሞቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ወንድሟም ሥዕሉን ሰቅሎ የተዋሰውን መዶሻ ሊመልስ ወጣ።

ሾርባውን ወደ ሳህን እየጨለፈች አንድ የብረት ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ ፎጣ መሬት ላይ ሲወድቅ። ሳህኑን እንደያዘች ሄዳ በበሩ ብቅ ስትል አልጋው ባዶ ነው። እናቷ በሌሊት ልብሳቸው፣ በአንድ እጃቸው መራመጃውን፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ አፍንጫቸውን ከሸራው ጥግ አስጠግተው ቆመዋል።

«ሰባት… አራት… ይቺ መጨረሻዋ ምንድን ናት? ስድስት ናት ስምንት?»

ሾርባው በሲስተር ነጠላ ጫማ ላይ ይፈሳል፤ አልተሰማትም። ልትጮህ ነበር፤ ያዳናት የሃያ ዓመት የነርስነት ልማድ ነው። አልጋው ከግድግዳው አምስት እርምጃ ነው። «ስምንት ናት» አለች፤ ቀጥላም፣ «ወይም ስድስት። ደህና አድርገሽ እዪያት» አለች። እናቷ ስድስት መሆኗን እስኪያረጋግጡ ሙሉ ሦስት ደቂቃ ቆሙ።

በማግስቱ አቶ ነገ የቀለም ቱቦዎቻቸውን በከረጢት ይዘው መጡ። ሲስተር በሩን ከፍታ ወደ መኝታ ቤቱ በእጇ አመለከተቻቸው። ጦርነቱ ውስጥ ነበር።

«ዝቅ» አሉ እናቷ መራመጃቸውን ተደግፈው። «ሌላም ዝቅ። አንተ ሰውዬ፣ ውሻ አይተህ ታውቃለህ?»

«እማማ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት። ነገ ያመሰግኑኛል።»

«በሰባ አራት ዓመቴ ነገ እያልክ አታስጠብቀኝ። ዝቅ።»

ጆሮው ወረደ። በሦስተኛው ቀን እናቷ ጅራቱ አጥሯል ብለው ደወሉ። በአምስተኛው ቀን አንድ ጥፍር ጎድሏል ብለው ደወሉ። እንከን የሚያገኙት ተጠግተው ነውና በየቀኑ ተነስተው ይጠጋሉ። አቶ ነገም ለማረም በመጡ ቁጥር «እዚህ ብርሃን የለም» እያሉ ሥዕሉን ያነሱታል፤ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ውጭው በር አጠገብ። ወንድሟ ግድግዳው በምስማር ተበሳሳ ብሎ ቢያጉረመርም የሰማው የለም። አምስቱ እርምጃ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሃያ ሆነ።

ሲስተር ግን ነርስ ናት፤ መመዝገብ ልማዷ ነው። ጅራቱ ቅዳሜ ዕለት ልኩን እንደነበረ ታስታውሳለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ጅራቱን ሆን ብለው ነው ያሳጠሩት?»

«እኔ ስህተት አልሠራም፣ ሲስተር» አሉ ተቆጥተው፣ ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወረዱ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እናቷ ጫማቸውን ጠየቁ። «ግድግዳውን ጎብኝቼ ጨረስኩ» አሉ። «ውሻዬን አሳዩኝ።»

ወንድሟ ቀደም ብሎ ዳኛውን አምጥቶ ከፎቁ በር ውጭ፣ ከዚያው ከክልከላው ሰሌዳ ሥር አሰረው። ሲስተር እናቷን በአሳንሰር አወረደቻቸው፤ ከአሳንሰሩ እስከ በሩ ግን በምርኩዛቸው ራሳቸው ሄዱ፣ ክንዳቸውን ማንም እንዳይዘው አዘው። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን እየተመለከተ ተኝቷል።

«ዳኛው» አሉ እናቷ በቀስታ።

መጀመሪያ የተነሳው ጆሮው ነው። ግራው። ውሻው ገና አንገቱን ሳያዞር፣ ገና እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓይኑ ላይ ተኝቶ የኖረ ጆሮ ልክ በሥዕሉ ላይ እንደነበረው ቀጥ አለ። ከዚያ ነው የቀረው ሰውነቱ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ማሰሪያውን ሊበጥስ የደረሰው።

ሲስተር በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ያን ቀን በሥራ ቤቱ የእናቷ ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ይህን ጆሮ ቆሞ ያላየበት ምክንያትም አሁን ገባት፤ እናቷ እስኪወድቁ ድረስ ውሻው ከእሳቸው አንድ ቀን ተለይቶ አያውቅማ፤ የሚናፍቅበት ጊዜ መቼ አገኘና። አቶ ነገ አልዋሹም፣ አላሳመሩም። ያዩትን ነው የሣሉት፤ እሷ በጣቷ ለቅልቃ አጠፋችባቸው። በዚያች ደቂቃ ያንን ነዝናዛ ሰውዬ ወደደቻቸው፤ ይህንንም ለማመን ራሷ ተቸገረች።

እናቷ ውሻውን በአንድ እጃቸው እያሻሹ ጆሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልነበረም።

«ስልክሽን አምጪ» አሉ።

«ቁጥሩ እዚሁ አለልሽ፣ እማዬ። ሰሌዳው ላይ።»

«በቃሌ ነው» አሉ። «መጨረሻዋ ስድስት ናት።»

ደወሉ። ሲስተር ጆሮዋን ከስልኩ አስጠጋች፤ ያቺን «ነገ» የምትል ነገር ለመስማት ተዘጋጅታለች።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እናቷ። «ጆሮውን መልሰው።»

ከዚያኛው በኩል የውሃ መርጫ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እሺ» አሉ አቶ ነገ።

ሲስተር ይህን በገዛ ጆሮዋ መስማቷን ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለባለ መድኃኒት ቤቱም ምላ ነግራለች። የሚያምናት አልተገኘም፤ እናቷንም ለምስክርነት ስትጠራቸው «እኔ ውሻዬን ነበር የማየው» ይላሉ።